የአፈር ድርሻ

የወንድሜን የጭንቅላት ቁራሽ በእጅ ቦርሳዬ ይዤ ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ ተጉዤ አውቃለሁ። ቁራሹ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። በሰም ተነክሮ፣ ሰሙ አንዲት ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ ረግቶ፣ ፕላስቲኳ ላይ በእርሳስ ቁጥር ተጽፎ፣ ሁሉም በአንድ ቡናማ ፖስታ ውስጥ ነበር። የላቦራቶሪው ሠራተኛ ፖስታውን በመስኮት ሲያቀብለኝ «ሙቀት እንዳይነካው» አለኝ። እኛ አገር ከሰው ገላ የተቆረጠን ነገር ከአንዱ ላቦራቶሪ ወደ ሌላው የሚያደርሰው ዘመድ ነው። እኔም ዘመድ ነኝና ተቀበልኩ።

ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ የተሰፋው ራሱ ላይ የሱፍ ኮፍያ ደፍቶ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል። ጌዶን አልፈን ወደ ባኮ ስንወርድ ሙቀቱ መጣ። ሰሙ ይቀልጣል ብዬ ሰጋሁ። አውቶቡሱ ሲቆም ሁለት ቀዝቃዛ ውሃ ገዛሁና ፖስታውን በሻሼ ጠቅልዬ በሁለቱ መሀል አደረግኩት። ወንድሜ ነቅቶ አንዱን ውሃ እንድሰጠው ሲጠይቀኝ «ያንተ አይደለም» አልኩት። ከእሱ ሌላ የማን ሊሆን ነበር? እስከ ሲሬ ድረስ ተኮራርፈን ሄድን።

ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ሦስት ሆነን ነው የምንኖረው፤ እናቴ፣ ወንድሜና እኔ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ የለኝም። አባታችን ቀድሞን ስለሄደ በዘጠኝ ዓመት የምበልጠውን ወንድሜን ያሳደግኩት እኔ ነኝ ብዬ እመካለሁ፤ እናቴ ግን ይህን ስትሰማ ትስቃለች። እሱ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ኮንቴይነር ውስጥ ስልክ ይጠግናል። እናቴ በድርቁ ዘመን ከወሎ በሰፈራ መጥታ ወለጋ ላይ አርጅታለች፤ ዛሬም ግን ስትናደድ አፏ ወሎ ነው።

በሽታው የጀመረው በማሽተት ነው። «ሽንኩርት እያረረ ነው» ይለናል፣ ምድጃው ቀዝቅዞ ተቀምጦ። እኔ «አፍንጫህ ሚስት ፈልጋለች» እያልኩ አሾፍበት ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ግን የሰው ስልክ ፈትቶ እንደያዘ ከወንበሩ ወደቀ። እኔ በነጭ ጋውኔ፣ ጠመኔው ከእጄ ሳይለቅ፣ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ስደርስ ሰው ከቦታል፤ አንዱ ክብሪት እየጫረ አፍንጫው ሥር ያጨሳል፤ ሌላዋ ደግሞ የሚጥል በሽታ ስለሆነ ማንም እንዳይነካው ትላለች። ክብሪቱን ቀምቼ ወረወርኩና ሁሉንም ሰደብኩ። አፌ ፈጣን ነው፤ ስፈራ ደግሞ ይብሳል።

አዲስ አበባ ላይ ፎቶ ተነሣ፤ ዕጢ አለ ተባለ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የቀደደው ሐኪም ወጣት ነው፤ ሲያወራ ጠረጴዛውን እንጂ ሰው አያይም። የሚቻለውን ያህል ቆርጦ ማውጣቱን፣ የቀረውን በጨረርና በክኒን እንደሚያሳድዱት ነገረን። ከዚያ እኔን ብቻዬን ጠርቶ ስለ ምልክቶቹ አስረዳኝ። የአንጎል ካንሰር በማጉያ መነጽር ሲታይ አንድ ዓይነት ቢመስልም ጠባዩ ይለያያል። ውስጡ፣ ዘረመሉ ላይ፣ ምልክቶች አሉ። አንደኛው ምልክት ዕጢው ቀስ የሚል ይሁን የሚሮጥ ይናገራል። ሁለተኛው ክኒኑ በዕጢው ላይ ይሠራ እንደሆነና እንዳልሆነ ይናገራል። ምርመራው እዚህ ስለማይሠራ ቁራሹ ውጭ አገር መላክ አለበት።

«ያ ምርመራ ሳይመጣ ስንት ጊዜ እንዳለው ማንም ሊነግራችሁ አይችልም» አለኝ።

እኔ ለዓመታት ዘረመልን ሰሌዳ ላይ በሁለት ቀለም ጠመኔ ስዬ አስተምሬያለሁ። ተማሪ ሲያንቀላፋ «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል» እላለሁ። ፈተናው እኔው ላይ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከሐኪሙ ክፍል ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ፈራሁ። ሞቱን ብቻ አይደለም የፈራሁት፤ ቀኑ አንድ ፕላስቲክ ላይ ተጽፎ እኔ ቦርሳ ውስጥ መግባቱን ነው።

ናሙና ወደ ውጭ የሚልከው ቢሮ ጥቅሉ የሚሄደው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ እስከዚያው እናንተው ዘንድ ይቀመጥ አለን። አዲስ አበባ ላይ የምንተውለት ዘመድ የለንም። ወንድሜም ቤቱ ናፍቆታል። ለጨረሩ ስንመለስ ይዘነው እንመጣለን ብለን ተነሣን፤ እንዲህ ሆኖ ነው ቁራሹ ባኮን አቋርጦ ነቀምቴ የገባው።

ቤት ስንደርስ ፖስታውን ቡፌው ውስጥ፣ ለእንግዳ ብቻ ከሚወጡት ሳህኖች ጀርባ ደበቅኩት። ለእናቴ ዕጢው ወጥቷል፣ አልሐምዱሊላህ በይ አልናት፤ ስለ ምልክቶቹ አንድ ቃል አልተነፈስንም። በእኛ ዘንድ ክፉ ነገር ለእናት አይነገርም፤ ይሸመገላል፣ ይለዝባል፣ ሲቻል ይቀበራል። ወንድሜ ግን ነግሬው ሁሉን ያውቃል። አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠን «እታለም፣ እኔ ማወቁን አልፈልገውም» አለኝ። ክኒኑ የማይሠራ ከሆነ ለምን ክኒን ስትውጥ ትከርማለህ ብዬ ተቆጣሁት። ኮፍያውን አስተካከለ።

በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ቡፌውን ነው። አይጥ ሰም እንደሚበላ ስለማውቅ ፖስታውን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስገባሁት። ክፍል ውስጥ ስለ ዘረመል ሳስተምር አንዲት ተማሪ አንድ ፊደል ብቻ ቢሳሳት ምን ይሆናል ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ መጽሐፉ ላይ አለ፤ እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን ለነገ አሳደርኩት።

ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ባዶ ነበር።

ሳህኖቹን አንድ በአንድ አወረድኩ፤ ቡፌውን ከግድግዳው ጎትቼ ጀርባውን አየሁ፤ የቆሻሻ ገንዳውን ዘረገፍኩ። ሌላ ቁራሽ ከየት ይመጣል? ዳግመኛ ጭንቅላቱን ሊከፍቱት ነው? በረንዳ ላይ የሰው ስልክ እየፈታ ወደነበረው ወንድሜ ወጥቼ «ጣልከው አይደል? ማወቅ አልፈልግም ብለሃላ!» ብዬ ጮህኩበት። ቀና ብሎ ሲያየኝ ምንም እንደማያውቅ ገባኝ፤ ያኔ ይበልጥ ፈራሁ።

እናቴ ከጓሮ መጣች። ጋቢዋን ለብሳ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጁን ተይው፤ እኔ ቀብሬዋለሁ» አለች።

ለካስ ከቢሮው ሰው ጋር በስልክ ሳወራ ሰምታኛለች። የልጇ ሥጋ ቡፌ ውስጥ፣ ከሳህን ጋር ተቀምጧል። ሦስት ቀን ጠብቃ፣ እኔ ሥራ ስሄድ ቆርቆሮውን ከፈተች። ቁራሹን ከነፕላስቲኩ በውሃ አጠበች። ገና ያልተቆረጠ አቡጀዲ ሳጥኗ ውስጥ ነበራት፤ የራሷ መገነዣ እንዲሆን ያስቀመጠችው ነው። ከዚያ ላይ የመዳፍ ያህል ቀደደችና ገነዘችው፤ ጓሯችን ካለው ግራዋ ሥር ጉድጓድ ቆፍራ ወደ ቂብላ አዙራ ቀበረችው። ሰው እግሩ ቢቆረጥ እግሩ ይቀበራል፤ እሷ ከዚህ ሌላ አታውቅም።

ጮህኩባት። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ። ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ፣ በልጅሽ ላይ ፈረድሽበት አልኳት። እናቴ አልተቆጣችም። እኔ ጀርባዋ ላይ ታዝዬ በነበርኩበት በሰፈራው መንገድ ላይ፣ ታላቅ እህቴ መጠለያ ውስጥ ሞታባታለች፤ ከሌሎች ሬሳዎች ጋር ጭነው ወስደዋት የት እንደጣሏት እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም። ይህን ታሪክ በሕይወቴ ሦስት ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሰማሁት። ያን ቀን አራተኛው ሆነ፤ ታሪኩ ግን የገባኝ ገና ያኔ ነው።

«እሷን ሳላጥብ፣ ሳልገንዝ ቀረሁ» አለች። «የሱን ግን በእጄ አድርሻለሁ። አፈር ድርሻውን ወስዷል። ድርሻውን ያገኘ ኸዚህ በኋላ ምን ይጠይቀናል? ልጄን ይተውልኛል።»

ጩኸቴን ሰምታ ጎረቤታችን በአጥር በኩል መጣች። አሮጊት ናት፤ የመሠረተ ክርስቶስ ልጅ እንደሆነች ሁሌ የምትናገር፣ ከእናቴ ጋር ሃያ ዓመት በግማሽ አማርኛ በግማሽ ኦሮምኛ ስትከራከር የኖረች። «ማልቱ ተኤ?» ብላ ጠየቀች፤ ምን ተፈጠረ ማለቷ ነው። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና እናቴን «አዮ፣ ሐኪሙ ከፈለገው ይውሰደው፤ ዋቃዮ አይቆጣም» አለቻት። እናቴ ያንቺው አምላክ አይቆጣ ይሆናል ብላ ፊቷን አዞረች። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

እኔ ዶማ ፍለጋ ዞርኩ። ወንድሜ ነው ያስቆመኝ። ተነሥቶ እናቴ ፊት ቆመ፤ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገለት ወዲህ ሲቆም ትንሽ ይንገዳገዳል፤ ስለዚህ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ።

«እማዬ፣ ተወው ካልሽኝ እተወዋለሁ» አላት። «ግን ክኒኑ ይሠራልኝ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እኔም ፈርቻለሁ።»

ፈርቻለሁ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ መቁጠሪያዋን ስታንቀሳቅስ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይመለሳል?» አለችኝ። «ይመለሳል» አልኳት። ይመለስ አይመለስ አላውቅም ነበር፤ ማንንም አልጠየቅኩም። በዚያ ሰዓት ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች ወይ ብትለኝም አዎ እላት ነበር።

ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደችም። ራሷ ተንበርክካ በእጇ አወጣችው። አቡጀዲው በቀጭን ክር ዙሪያውን ተሰፍቷል፤ ለአራስ ልጅ ልብስ እንደምትሰፋው አጥብቃ ነው የሰፋችው። ስፌቱን በምላጭ ፈታሁት። ሰሙ ደህና ነው። ቁጥሩም በእርሳስ ስለተጻፈ እጥበቱ አላጠፋውም። በአንዱ ጠርዝ ላይ ግን ጥቂት ቀይ አፈር ተጣብቆ ቀርቶ ነበር፤ በጥጥ ብጠርገው አልለቅ አለኝ። አዲስ አበባ ላይ የቢሮው ሰው ሲቀበለኝ ጠርዙን አይቶ ምንድነው አለኝ። የመንገድ አቧራ ነው አልኩት፤ እሱም አሸገው።

ጨረሩ ስድስት ሳምንት ፈጀ። በየቀኑ በጠዋት ተሰልፈን እንጠብቃለን፤ ስሙ ይጠራል፤ ይገባል፤ ይወጣል። በሦስተኛው ሳምንት የራሱ ፀጉር በአንድ ወገን መርገፍ ጀመረ። በስልክ ሁሌ የምታወራን እናቴ ስለ ጤናው ከጠየቀች በኋላ «ጉድጓዱን አልደፈንኩትም፤ ድንጋይ ከድኜበታለሁ» ትለኛለች። ዶሮ እንዳይጭረው ጠዋትና ማታ ታየዋለች። እኔ እሺ ብቻ እላለሁ።

ውጤቱ የመጣው ነቀምቴ ከተመለስን በኋላ፣ በእረፍት ሰዓት፣ በስልኬ ነው። ከመምህራን ክፍሉ ወጥቼ ቤተ ሙከራ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ውጭ ተማሪዎች ኳስ ይጫወታሉ። መስመሮቹን እንደ ተማሪ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። የመጀመሪያው ምልክት ክፉ ነው፤ ዕጢው ከሚሮጠው ወገን ነው። ሁለተኛው ደህና ነው፤ ክኒኑ ይሠራበታል። ደግሜ አነበብኩት፤ አልተለወጠም። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ክኒኑ ጊዜ ይጨምርለታል፤ ስንት እንደሚጨምርለት ግን አልነግርሽም፣ ሁሉም ሰው አንድ አይደለም አለኝ። ያድነዋል ወይ ብዬ ስጠይቀው ስለ ክኒኑ መጠን ያወራኝ ጀመር።

ለወንድሜ ሳልሸሽግ ነገርኩት። ከሱቁ ጠርቼው መናኸሪያው አጥር ሥር ቆመን ነው። ረዳቶቹ «ባኮ፣ አምቦ» እያሉ ይጮኻሉ። ሰምቶ ሲጨርስ «እንግዲያው ግማሹ ደህና ነው» አለ። አዎ ግማሹ አልኩት። ሌላ ሳይጠይቀኝ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔ ግን አጥሩን ይዤ ሦስት አውቶቡስ እስኪወጣ ቆየሁ።

እናቴ ያን ማታ ፊታችንን አይታ ስለ ውጤቱ አልጠየቀችም። ምልክቱ ምን አለ፣ ስንት ጊዜ ተባለ አላለችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሥጋውስ?» አለች።

በማግሥቱ ቢሮው ጋ ደወልኩ። የቀረው ቁራሽ እዚያው ይቀመጣል፣ ደንቡ እንዲህ ነው፣ አይመለስም አሉኝ። ለመንኩ፤ ተቆጣሁ፤ እንደ ልማዴ ተሳደብኩ። ምንም አልፈየደም። እናቴ በየጠዋቱ ድንጋዩን አንሥታ ጉድጓዱን እያየች መልሳ ትከድናለች። አንዳንዴ ከስልሳ ከረጢት ቀይ ጤፍ ይልቅ አንድ ቃል ይከብዳል፤ ይመለሳል ያልኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ሰው ለማስተዛዘን ጨለለቂ ሰፈር ስትሄድ ሻማ ገዛሁ። ሰላሳ ሁለት ዓመት በተማሪነትና በመምህርነት ትምህርት ቤት ያሳለፍኩ፣ ሳይንስ የማስተምር ሴት፣ ወጥ ቤት ቆሜ ሻማ በጣሳ አቀለጥኩ። ከቤተ ሙከራችን ያመጣኋት ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ አፈሰስኩት። ቁጥሩን በቃሌ ስለማውቀው በእርሳስ ጻፍኩበት። ሰሙ ሲረጋ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ምን እንደማደርግ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከታመመ ወዲህ እንዲያ ስቀን አናውቅም ነበር፤ ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሱ ግን ወደ ክፍሉ ገብቶ በመሐረብ የታሰረ ነገር ይዞ ተመለሰ። ከትራሱ ላይ የሰበሰበው ፀጉሩ ነው፤ መርገፍ ከጀመረ ወዲህ ሲሰበስበው ኖሯል፤ ለምን እንደሆነ ራሱም አላወቀውም።

«ባዶውን አትቅበሩት» አለኝ። «ጨምሪበት።»

ሰሙን እንደገና አቅልጬ ፀጉሩን ጨመርኩበት።

እናቴ ስትመለስ ሰጠኋት። ተቀብላ በመዳፏ ላይ አገላበጠችው። «ኸያኔው ቀሏል» አለች። ቆርጠው ስለወሰዱለት ነው አልኳት። ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያም ወንድሜን አየች። አጠበችው፤ ገነዘችው፤ ወደ ቂብላ አዞረችው። ጎረቤታችንም በአጥሩ ላይ ሆና በራሷ ቋንቋ ጸለየችለት። ወንድሜ እየተንገዳገደ መጥቶ አፈሩን በእጁ መለሰበት፤ በራሱ ላይ አፈር ሲመልስ ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።

አሁን ክኒኑን ይውጣል። ከወር አምስት ቀን ይውጣል፤ ያስመልሰዋል፤ ይተኛል፤ ከዚያ ተነሥቶ ሱቁን ይከፍታል። ሽንኩርት ሳቁላላ አንዳንዴ ቀና ሲል አየዋለሁ፤ ሽታው የእውነት ይሁን የጭንቅላቱ ለማወቅ እኔን ያያል፣ እኔም ቶሎ ብዬ ያረረ ነገር ካለ ብዬ ድስቱን አያለሁ። ቀን የሚቆጥር ማንም የለም፣ እኔ ግን በልቤ እቆጥራለሁ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣቴ በፊት በጓሮ በኩል ዞሬ ግራዋው ሥር እቆማለሁ። እንደ እናቴ ዱዓ አልችልበትም፤ ድርሻህን ወስደሃል፣ ሌላ አትጠይቀን ብቻ እለዋለሁ። አፈሩ የተሰጠው ሻማ መሆኑን እንዳያውቅብኝ እፈራለሁ።